ቆልማማ እግር፤ አስሮ የማዳንና አስሮ የመጠበቅ ልማድ

ከእናቱ ማሕፀን እግሩ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ የተወለደ ሕፃን በአማርኛ «ቆልማማ እግር» ያለው ይባላል። ቃሉ «ቆለመመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ጠመዘዘ፣ አጎበጠ ማለት ነው። ስያሜው የነገሩን መልክ በትክክል ያሳያል፤ የእግሩ ፊት ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ተረከዙ ወደ ላይ ይሳባል፣ መርገጫውም መሬትን በማየት ፈንታ ሌላውን እግር ይመለከታል። እንዲህ ያለው አወላለድ በአንድ አገር ወይም በአንድ ሕዝብ ብቻ የሚታይ አይደለም። ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ይገኛል፤ በወንዶች ላይ በሴቶች ላይ ከሚታየው እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ግማሽ ያህሎቹም ሁለቱ እግሮቻቸው የተቆለመሙ ናቸው። በዓመት ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ሕፃናት በሚወለዱባት በኢትዮጵያ፣ በዚህ ስሌት ቁጥራቸው በየዓመቱ ከ3,000 የሚያንስ አይሆንም።

ሳይታከም ያደገ ልጅ የሚረግጠው በእግሩ ጎን፣ አንዳንዴም በእግሩ ጀርባ ነው። ቆዳው በዚያ ቦታ ይደነድናል፣ ይቆስላል፤ ጫማ ማድረግም አይሆንለትም። በሬ ጠምዶ ሞፈር ተከትሎ ለሚሄድ ገበሬ፣ ውኃ ቀድታ አቀበት ለምትወጣ ሴት ልጅ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መግለጽ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ቆልማማ እግር በጨቅላነት ከተያዘ ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሊቃና የሚችል ነው። በሕክምናው ውስጥ የሐኪሙ ሥራ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል፤ የቤተ ሰቡ ሥራ ግን ልጁ አራት ዓመት እስኪሞላው ይቀጥላል። ስለዚህ የሕክምናው ፍጻሜ የሚወሰነው በአመዛኙ በሆስፒታል ሳይሆን በመኝታ ቤት፣ በእናት ጀርባና በአያት ፊት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አማርኛ ተናጋሪ በሆነው የደጋ አገር ቤተ ሰብ ውስጥ ይህ ረጅም ሥራ ከልማድ ጋር የት እንደሚጋጭና የት እንደሚስማማ ማስረዳት ነው።

የሕክምናው ታሪክ በአጭሩ

የተቆለመመ እግርን በእጅ እያቃኑ ማሰር ከጥንት የመጣ ጥበብ ነው። ሂፖክራጥስ በተባለው የግሪክ ሐኪም ስም በሚጠሩት ጥንታውያን የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ፣ እግሩ ገና በጨቅላነት በእጅ ቀስ እየተባለ እንዲቃና፣ በጨርቅ እንዲታሰር፣ ከተቃናም በኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቀው ጫማ እንዲደረግለት ተጽፏል። ከዚህ እንደሚታየው ማቃናትና የተቃናውን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1930ዎቹ ዓመታት በለንደን ይሠራ የነበረው ዴኒስ ብራውን የተባለው ሐኪም ሁለቱን እግሮች በአንድ ዘንግ ላይ የሚያጋጥም መሣሪያ አስለመደ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን ሕክምና ያቀናው ግን በ1914 በሚኖርካ ደሴት በስፓኝ የተወለደውና በ2009 ያረፈው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። ፖንሴቲ በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ሲደክም፣ በልጅነታቸው በሰፊው የተቀደዱ እግሮች በጎልማሳነት ደርቀውና አሟቸው ስላየ፣ አጥንትና መገጣጠሚያን ሳይከፍት በእጅና በጄሶ ማቃናትን መረጠ። የሥራውን ውጤት በ1963፣ መጽሐፉንም በ1996 አሳተመ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን ዘዴውን የተቀበሉት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ በሚገኘው በኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልና ከመዲናይቱ ውጭ ባሉ ሌሎች ሆስፒታሎች በዚሁ ዘዴ ይታከማል።

የማቃናቱ ሥራ በየሳምንቱ ይከናወናል። ሐኪሙ የሕፃኑን እግር በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ይመራና የተገኘውን ለውጥ ለማጽናት ከእግር ጣት እስከ ጭን የሚደርስ ጄሶ ያስርበታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፈትቶ ትንሽ ይጨምራል። አምስት ወይም ስድስት ጄሶ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ከዚህ ሕክምና በላይ የሚስማማው ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በመጨረሻ ተረከዙ ወደ ታች አልወርድ ካለ፣ በብዙዎቹ ሕፃናት እንደሚሆነው፣ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ስለት ይቆረጥና የመጨረሻው ጄሶ ለ3 ሳምንት ይታሰራል፤ በዚህ ጊዜ ጅማቱ ረዝሞ ይጋጠማል። ጄሶው ሲፈታ እግሩ ቀጥ ያለ፣ መርገጫው መሬትን የሚያይ፣ ለዓይን ፍጹም የዳነ ሆኖ ይታያል። የወላጆቹ ፈተና የሚጀምረው በዚህ ቀን ነው።

በዘንግ የተጋጠመው ጫማ

የመጨረሻው ጄሶ በተፈታ ጊዜ ሕፃኑ «ብሬስ» የሚባለውን መሣሪያ ይለብሳል። ይኸውም በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ የተገጠሙ ሁለት ጫማዎች ናቸው። የዘንጉ ርዝመት ከሕፃኑ ትከሻ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል፤ የታከመው እግር ከ60 እስከ 70 ዲግሪ፣ ጤነኛ እግር ካለም ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ውጭ ዞሮ ይገጠማል። አንዱ እግር ብቻ የታከመ ቢሆንም ሁለቱም መታሰር አለባቸው፤ ዘንግ የሌለው ጫማ እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ መያዝ ስለማይችል አይጠቅምም።

አለባበሱ ሁለት ዘመን አለው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ጫማው በቀን ለ23 ሰዓት አይወልቅም፤ ለመታጠቢያና ለማረፊያ የምትተርፈው አንዲት ሰዓት ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ሌሊትና ቀን በሚተኛበት ጊዜ ብቻ፣ በጠቅላላው በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይለብሰዋል፤ ይህም አራት ዓመት እስኪሞላው ይቀጥላል። ምክንያቱም እግሩን በማሕፀን ያጠመዘዘው ኃይል ከጅማቱና ከጡንቻው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለማይወጣ ነው፤ ልጁ ፈጥኖ በሚያድግባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ይበረታል። በፖንሴቲ የሕክምና መመሪያ እንደ ተመዘገበው፣ ጫማውን በሥርዓት ከለበሱት ሕፃናት 6 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሲመለስባቸው፣ ካልለበሱት ግን ከ80 ከመቶ በላይ በሆኑት ላይ እግሩ ተመልሶ ተቆልምሟል።

በአገር ቤት ስለ ማሰር ያለው አስተሳሰብ

ወላጆች ይህን ያህል ጥቅም ያለውን ጫማ የሚያወልቁት ስለ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ «ባለማወቅ» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ በቂ አይደለም። በደጋው አገር ስለ ተጎዳ እግር ያለው እውቀት የቆየና የተደራጀ ነው፤ ባለ እውቀቱም ወጌሻው ነው። ወጌሻ የተሰበረውን ያጋጥማል፣ የወለቀውን ይመልሳል፣ ያሻል፣ በቀርከሃ ወይም በሌላ እንጨት ደግፎ ያስራል። በዚህ ጥበብ ማሰሪያ የሕመም ምልክት ነው፤ አጥንቱ እስኪጋጠም ይቆያል፣ ሲድን ይፈታል። የዳነን እግር እንደ ታሰረ ማቆየት በወጌሻ ዘንድ ትርጉም የለውም።

ስለዚህ አንዲት አያት ቀጥ ብሎ የተቃናውን የልጅ ልጇን እግር አይታ «ድኗል፤ ለምን ታስጨንቁታላችሁ?» ስትል፣ የምትናገረው ከአላዋቂነት ሳይሆን ከአንድ የተረጋገጠ እውቀት ተነሥታ ነው። ስሕተቱ ያለው የስብራትን ሕግ በቆልማማ እግር ላይ በማዋል ነው። ስብራት አንዴ ከጋጠመ አይመለስም፤ ቆልማማ እግር ግን ከተቃና በኋላም ወደ ቀድሞ መልኩ ይስባል። ጫማው የሚታሰረው ለማዳን ሳይሆን የዳነውን ለመጠበቅ ነው።

ይህ ዓይነቱ አስሮ የመጠበቅ ሐሳብ ለአገሩ ልማድ እንግዳ አይደለም። በጥምቀት ቀን በሕፃኑ አንገት ላይ የሚታሰረው ማተብ ሕፃኑ ስለ ታመመ የታሰረ አይደለም፤ ሕፃኑም ደኅና ስለ ሆነ አይፈታም። እንግዲህ በዘንግ የተጋጠመው ጫማ ከወጌሻው ቀርከሃ ይልቅ ለማተብ ይቀርባል ቢባል፣ የሁለቱ ክብር የተለያየ ቢሆንም፣ ምሳሌው ለቤተ ሰብ የነገሩን ባሕርይ ሊያስረዳ ይችላል። የመጀመሪያው «እስኪድን ድረስ» የሚል ማሰሪያ ነው፤ ሁለተኛው «ድኖ እንዲኖር» የሚል ነው።

አራስ ቤትና ክርስትና

በክርስቲያኑ ቤተ ሰብ ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ይህን የቀን አቆጣጠር ከሕክምናው ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሕክምናው ሕፃኑ በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቢጀመርና ስድስት ሳምንታዊ ጄሶ ቢያስፈልግ፣ 40ኛው ቀን ወንዱ ልጅ በጄሶ እያለ ይደርሳል። ጄሶ ውኃ ሲነካው ይላላል፤ ስለዚህ ወላጆቹ አስቀድመው ለሐኪሙ ከነገሩ የመለወጫውን ቀን ከክርስትናው ጋር ማስማማት ይቻላል። ለሴቲቱ ልጅ ደግሞ ስድስቱ ሳምንታትና የመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት ሲደመሩ ብሬሱ የሚጀመረው በ77ኛው ቀን አካባቢ ነው። ክርስትናዋ እንግዲህ ጫማውን በለበሰች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ይውላል፤ ጫማው ለጥምቀቱ ወልቆ ወዲያው መመለስ አለበት። በድግሱ ግርግር ለአንድ ሌሊት የቀረው ጫማ በሚቀጥለው ቀን ሲታሰር ሕፃኗ እንደ አዲስ ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋም ለሚቀጥለው መቅረት ምክንያት ይሆናል።

ሌላው የአራስ ቤት ልማድ ቅቤ ነው። ሕፃኑን አጥቦ በለጋ ቅቤ ማሸት ከአያት የተወረሰ የፍቅር ሥራ ነው። በሕክምናው መመሪያ መሠረት ግን ጫማው በሚነካው ቆዳ ላይ፣ ይልቁንም በቀላው ቦታ ላይ፣ ቅባት ማድረግ አይገባም፤ ቅባት ቆዳውን አለስልሶ ጉዳቱን ያባብሳል። በዚህ ጊዜ ልማዱን በሙሉ መከልከል አያስፈልግም። ሌላው ገላው እንደ ወትሮው ታሽቶ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው በንጹሕ ውኃ ታጥቦና ደርቆ የጥጥ ካልሲ ቢለብስ፣ አያቲቱ ድርሻዋን ሳታጣ እግሩም ይጠበቃል።

ማዘል፣ ማስተኛትና ለቅሶ

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ጥያቄ የሚያስነሣው የማዘሉ ጉዳይ ነው። በአንቀልባ የታዘለ ከፍ ያለ ሕፃን እግሮቹን በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ ይዘረጋል፤ በዘንግ የተጋጠሙ እግሮች ግን እንዲህ ሊሆኑ አይችሉም። ጨቅላው ጉልበቱን አጥፎ ሲታዘል ዘንጉ በእናቱ ወገብ ላይ አግድም ሊያርፍ ይችላል፤ ካልሆነም በክንድ ወይም በጭን ይታቀፋል። ይህ እናቲቱን ከሥራ የሚያስፈታ ስለ ሆነ፣ በእነዚያ ወራት እንጀራ የሚጋግርላት፣ ውኃ የሚቀዳላት ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያለ ረዳት የቀረች እናት ጫማውን ብታወልቅ የሚደንቅ አይደለም።

መኝታውም እንዲሁ ነው። በገጠር ቤት ሕፃን ከእናቱ ጋር በአንድ መደብ ላይ ይተኛል። የብረት ዘንጉ ሌሊት እናቱን ጎኗን ይመታታል፣ ልብስ ይይዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘንጉን በጨርቅ መጠቅለል ሕፃኑንም፣ እናቱንም፣ በአጠገብ የሚተኛውንም ልጅ ያድናል።

ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶው ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያህል መነጫነጩ የተለመደ ነው፤ ይህም ስለሚያመው ሳይሆን እግሮቹን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ስላልቻለ ነው። በወላጁ እጅ ዘንጉ ቀስ እየተባለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋለት ጉልበቶቹን በአንድነት ማጠፍና መዘርጋት ይማራል፤ ከዚያም በኋላ ይጫወትበታል። ይሁን እንጂ በሁለተኛው ሌሊት የሚያለቅሰውን ሕፃን ጎረቤት ሰምቶ ሲመጣ፣ የእናቲቱ ልብ ይከፈላል። ርኅራኄ ጫማውን ያስወልቃል። ሕፃኑም ያለቀሰ እንደሆነ ጫማው እንደሚወልቅ ያውቃል፤ በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ይበረታል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ወላጆች የሚከተሉት ሥርዓት ጥቂት ነገሮችን ይይዛል። ጫማው በየዕለቱ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ይታሰራል። ይበልጥ የተቆለመመው እግር በመጀመሪያ ይገባል፤ ሕፃኑ የሚራገጠው ሁለተኛው ሲታሰር ነውና። ተረከዙ እስከ ታች መድረሱ ይፈተሻል፤ የሕፃኑ ቅልጥም ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ የእግሩ ጣቶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱ ከሆነ ተረከዙ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ጠፍሩ በአንድ ቀዳዳ መጥበቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሩ በቀን ብዙ ጊዜ ይታያል። ጥቂት መቅላት ያለ ነው፤ በተረከዙ ጀርባ ላይ የሚታይ ደማቅ ቅላት ወይም ውኃ የቋጠረ ቆዳ ግን ብዙ ጊዜ ጫማው ላልቶ መንሸራተቱን ያመለክታል። ብዙ ወላጅ ቁስል ሲያይ ጫማውን ያላላል፤ የሚገባው ግን በትክክል ማጥበቅና ቁስሉ ካልተሻለው ለሐኪሙ ማሳየት ነው።

ስለ ሰው ዓይንና ስለ ወሬ

ቆልማማ እግር ከሰው ፊት የሚደበቅበት ቤት አለ። ምክንያቱም እንዲህ ያለውን አወላለድ ለእርግማን፣ ለእግዚአብሔር ቁጣ ወይም ለክፉ ዓይን የሚሰጡ ስላሉ ነው፤ ጣትም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰረው በእናቲቱ ላይ ነው። የሕክምና ሳይንስ የዚህን አወላለድ መንሥኤ በሙሉ ባይደርስበትም፣ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ባየችው ወይም ባደረገችው ነገር እንዳልመጣ ያውቃል፤ በአንዳንድ ቤተ ሰብም በዘር ይደጋገማል። ጄሶው የተፈታለት እግር ቀጥ ብሎ ሲታይ ቤተ ሰቡ ከሐሜት እፎይ ይላል። ጫማው ግን ያንኑ የተረሳ ነገር በእንግዳ ፊት እንደ ገና ያነሣል። በሰርግ ወይም በለቅሶ ቤት ሌሊት የሚያድር ሕፃን ጫማው ሳይያዝለት የሚሄደው ሁልጊዜ በመርሳት አይደለም።

በዚህ ረገድ የአባት ድርሻ ከባድ ነው። ሕፃን መንከባከብ የሴቶች ሥራ ነው በሚባልበት ቤት አባት ጫማውን ማሰር ካልተማረ፣ የእናቲቱ ድካም እጥፍ ይሆናል፤ ከዘመድ ለሚመጣው ነቀፋም ብቻዋን ትቆማለች። አባት በእንግዳ ፊት ጫማውን በእጁ ያሰረ እንደሆነ ግን ነገሩ የቤቱ ሥርዓት መሆኑ ይታወቃል፤ የሚያፌዝም አይገኝም።

ጫማውን ስለ ማግኘት

ሕፃኑ ሲያድግ ጫማው ይጠበዋል፤ በአራት ዓመት ውስጥም ብዙ ጊዜ መለወጥ አለበት። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ውድ መሣሪያ ለድሃ አገር አይበቃም። በዑጋንዳ ይሠራ የነበረው ሚሂል ስቴንቤክ በአገር ውስጥ በሚገኝ ቆዳ፣ እንጨትና ብረት የሚሠራ ብሬስ አዘጋጅቶ ለዚህ ችግር መልስ ሰጥቷል፤ ቆዳ የሚሰፋ ጫማ ሠሪና ብረት የሚበይድ ባለሙያ ባሉበት ሁሉ ሊሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ ጫማው በነፃ ቢገኝ እንኳ መንገዱ በነፃ አይገኝም። አንድ ቀን በእግርና በመኪና ተጉዞ ጫማ ለማስለወጥ የሚሄድ ገበሬ፣ በአጨዳ ወራት ቀጠሮውን ቢያሳልፍ፣ ልጁ ለሳምንታት በጠበበ ጫማ ይተኛል ወይም ያለ ጫማ ያድራል።

መመለሱ በአንድ ሌሊት አይታይም። በመጀመሪያ ተረከዙ በጥቂቱ ከመሬት ይነሣል፤ ከዚያም ልጁ በእግሩ የውጭ ጠርዝ መርገጥ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ በቶሎ ከተመጣ ጥቂት ጄሶ ሊያቃናው ይችላል፤ ዘግይቶ ሁለት ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ ግን ጅማት ማዛወር የሚባል ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ዓመት ቸልታ በኋላ አፍረው የቀሩ ወላጆች የሚያጡት ጊዜ ከቸልታው የበለጠ ጉዳት ያመጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው፣ ጫማው በቤት ውስጥ የሚያጋጥመው ተቃውሞ ከክፋት ወይም ከስንፍና የመጣ አይደለም። የወጌሻው እውቀት፣ የአያት ቅቤ፣ የእናት ርኅራኄ፣ የጎረቤት አዛኝነት፣ እያንዳንዱ በቦታው መልካም ነው። ተሰባስበው የሕፃኑን እግር የሚመልሱት ሁሉም «ዳነ» በሚለው በአንድ ቃል ስለሚስማሙ ነው። ስለዚህ ለእናት ብቻ ተነግሮ የሚቀር ምክር ሥራውን ለመፈጸም አይበቃም። ሕፃኑ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚያጥበው፣ ሲያለቅስ ማን «ፍቱት» እንደሚል፣ እናቲቱ በማትኖርበት ቀን ማን እንደሚያስርለት ተጠይቆ ምክሩ ለእነዚያ ሰዎች ሁሉ መድረስ ይገባዋል። የቤቱን ሥርዓት የሚያጠናና እግሩን የሚያቃና በዚህ ቦታ አንድ ሥራ አላቸው። ጫማ ማሰር እንደ እራትና እንደ መኝታ የማታ ልማድ በሆነበት ቤት ክርክሩ ይቀራል፤ ልጁም አድጎ ጫማውን ራሱ ይዞ ይመጣል። አራት ዓመት ሞልቶት ዘንጉ ሲቀር ከእርሱ የሚፈለገው ነገር እንደ ማንኛውም ልጅ ሮጦ መጫወት ነው።